ድባቴን ለማከም ልጁን አንጠብቅ

(በደሴ ከተማ ለባለትዳሮችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ የጤና ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ብቻ የተስተካከለ)

እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን።

የተከበራችሁ ሼኾቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ከሰኞ ገበያም፣ ከሸዋ በርም፣ ከሆጤም፣ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ከኮምቦልቻም የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ በዚህ ርእስ ተጠርታችሁ በመምጣታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ "የሚያውቀኝ ሰው አየኝ ይሆን?" ብላችሁ ዙሪያችሁን እንደቃኛችሁ እገምታለሁ። ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳቀቅም ነበር። ልጅ ማጣት፣ ማለትም ፈልጎ አለመውለድ፣ እና ድባቴ (ዲፕሬሽን) ግን ሁለቱም የሚደበቁ ናቸው፤ በአንድ ቤት የተገናኙ እንደሆነ ያ ቤት ለጎረቤትም ለዘመድም በሩን ይዘጋል።

እኔ ለብዙ ዓመታት በማዋለጃ ክፍል በአዋላጅ ነርስነት ሠርቻለሁ። ከዚያም የአእምሮ ጤና ተምሬ ዛሬ የማገለግለው በአእምሮ ሕክምና ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልወለድንም። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው በንግግሬ ማብቂያ ላይ "በኋላ ግን ፈጣሪ ሰጣት" የሚል ታሪክ እንዳትጠብቁ ነው። እንደዚያ ያሉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ይነገራሉ፤ እውነትም ናቸው። ነገር ግን ላልወለደው ሰው "የእኔ ተራስ መቼ ነው?" ከሚል ጥያቄ በቀር የሚያስጨብጡት ነገር የለም።

ላስተላልፈው የመጣሁት ነገር አንድ ነው። ልጅ አለማግኘት አንድ ጉዳይ ነው፤ ድባቴ ሌላ ጉዳይ ነው። ድባቴው ከልጅ ማጣቱ ሊመነጭ ይችላል፤ ከመነጨ በኋላ ግን ራሱን የቻለ ሕመም ነው፤ የራሱ ምልክት፣ የራሱ ሕክምና፣ የራሱ ፈውስ አለው። ስለዚህ "ልጁ ሲመጣ ይለቀኛል" ብሎ ማስታመም አይገባም። ልጁ ነገ ይምጣ፣ ከዓመታት በኋላ ይምጣ፣ ወይም ፈጽሞ አይምጣ፤ ድባቴው ግን ዛሬ ሊታከም ይችላል። ይህንን ደግሜ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ሁሉ ይህንን ነገር ሳያውቁት ነው የሚመጡት። ዛሬ ሊታከም ይችላል።

በአራት ነገሮች ላይ እናገራለሁ። አንደኛ ሐዘን መቼ ሕመም እንደሚሆን፣ ሁለተኛ ሸክሙን ስለሚያከብዱት የሐሰት ክሶች፣ ሦስተኛ ስለ ሕክምናው፣ አራተኛ ደግሞ በባልና ሚስት መካከልና በዘመድ አዝማድ ዘንድ ስለሚሆነው ነገር።

ወደ መጀመሪያው ልግባ። የዓለም ጤና ድርጅት ባልና ሚስት ምንም መከላከያ ሳይጠቀሙ 12 ወር ሙሉ አብረው ኖረው ጽንስ ካልተገኘ ጉዳዩን መካንነት ብሎ ይመድበዋል። ሴቲቱ 35 ዓመት ካለፋት 6 ወር እንደሞላ እንድትመረመር ይመከራል። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚገጥመው አስታውቋል። ከስድስት አንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዕድራችሁ ስም ዝርዝር ላይ፣ በማኅበራችሁ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ቁጠሩ። እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

ሆኖም "ብቻሽን አይደለሽም" መባል ብቻውን ሐዘኑን አያነሳም፤ ምክንያቱም የዚህ ሐዘን ጠባይ ከሌላው ይለያል። ሰው ሲሞት ድንኳን ይጣላል፣ ዕድር ይሰበሰባል፣ ለቀስተኛ ይመጣል፣ ሰልስትና አርባ ይወጣል። ልጅ ሳይመጣ ለቀረባት ሴት ግን ማን ድንኳን ይጥልላታል? ሐዘኗ በየወሩ ይመለሳል፤ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር መርዶ ነው። መርዶውን ደግሞ የምትሰማው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ነው፤ ፊቷን ታጥባ ወጥታ ምሳ ታቀርባለች። በሠርጋችን ቀን ሽማግሌዎች "ውለዱ ክበዱ" ብለው መርቀውናል። ምርቃቱ መልካም ነው፤ እኔም እመርቅበታለሁ። ነገር ግን ዓመታት በተቆጠሩ ቁጥር ያ ምርቃት በባልና ሚስቱ ጆሮ እንደ ዕዳ መሰማት ይጀምራል። የአራስ ጥየቃው፣ የአቂቃው፣ የክርስትናው ጥሪ በመጣ ቁጥር ዕዳው እንደ አዲስ ይታሰባል።

ሐዘኑ ይህን ያህል ጥልቅ መሆኑን በጥናትም ለክተውታል። በአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ አሊስ ዶማርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት መውለድ ያልቻሉ ሴቶች የድባቴና የጭንቀት መጠን ከካንሰር ሕሙማንና ከልብ ሕመም እያገገሙ ካሉ ሰዎች ጋር የተቀራረበ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ "ልጅ አጣሁ ብላ እንዲህ ትሆናለች እንዴ?" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ መልሱ ይኸው ነው። አዎን፣ ትሆናለች።

ታዲያ ሐዘን መቼ ነው ሕመም የሚሆነው? በሙያችን የምናየው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን የሚቆይን ለውጥ ነው። ከዚህ በፊት ደስ ይላት የነበረው ነገር ሁሉ ደስታ አልሰጥ ሲላት፣ ወይም ልቧ ቀኑን ሙሉ ሲከፋ፤ በዚህ ላይ እንቅልፍ ሲጠፋ ወይም ሲበዛ፣ የምግብ ፍላጎት ሲለወጥ፣ አቅም ሲከዳ፣ "እኔ የማልረባ ነኝ" የሚል ሐሳብ ሲመላለስ፣ ትኩረት ሲበተን፣ አንዳንዴም "ምነው ባልነጋ" የሚል ሐሳብ ሲመጣ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሐዘን ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው "ከፋኝ" ብሎ አይመጣም። "ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል፣ ሰውነቴን ይቆረጥመኛል" ብሎ ነው የሚመጣው። የጨጓራ መድኃኒትና የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ከርሞ ሳይሻለው የመጣ ስንት ሰው አይቻለሁ።

ከራሴ ልንገራችሁ። ያን ጊዜ ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። ሕፃኑን አብሼ፣ ጠቅልዬ ለእናቱ ሳስታቅፍ እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር፤ ሥራዬን እወደው ነበር፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ስላትም ከልቤ ነበር። የከበደኝ ሥራው አልነበረም። የከበደኝ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ነገር ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ከጎረቤት ቡና ቀረሁ፤ "ተረኛ ነኝ" እላለሁ። ጸሎቴም ደረቀብኝ፤ ቃሉን እላለሁ፣ ልቤ ግን የለም። አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ የሥራ ባልደረባ አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ "አንቺ ልጅ፣ ከሳቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እሷ ናት ወደ ሐኪም የወሰደችኝ፤ ታከምኩ፤ ዳንኩ። ልጅ ግን አልመጣም። ልብ በሉልኝ፤ ድባቴው የሄደው ልጅ ስለመጣ አይደለም፤ ስለታከመ ነው።

የዚህን ተቃራኒም በዓይኔ አይቻለሁ። ረጅም ዘመን ጠብቃ፣ ተስላ፣ ታክማ የወለደች አንዲት እናት ነበረች። ዘመድ ሁሉ በእልልታ መጣ፣ ገንፎው ተገነፋ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሕፃኑ ሲያለቅስ እንኳ ዞር አትልም። ቤተሰቡ "የለመነችውን ሰጥቷት፣ ምን ሆነች?" እያለ ተደናገጠ፤ አንዳንዱም ምስጋና ቢስ አላት። እሷ የታመመችው ከመውለዷ በፊት ነበር፤ ማንም ስላላከማት ሕመሙ ከልጁ ጋር አብሮ ገባ። ለዚህ ነው ልጅን የድባቴ መድኃኒት አድርገን አንዘዝ የምለው። ልጅ ልጅ ነው፤ የእናቱን ሕመም የመፈወስ ኃላፊነት ይዞ መወለድ የለበትም።

ከመጽሐፍም ላስታውሳችሁ፤ አባቶች በተሻለ ታውቁታላችሁ። የሳሙኤል እናት ሐና ልጅ አጥታ ስታለቅስ፣ ጣውንቷ በየዓመቱ ታበሳጫት ነበር፤ እህል አልቀምስም አለች። ባሏ ሕልቃና "እኔ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?" ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ፤ ይወዳት ነበር፤ ንግግሩ ግን አላጽናናትም። ካህኑ ዔሊም ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ አይቶ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እሷም "አልሰከርኩም፤ ልቤ ያዘነብኝ ሴት ነኝ" ብላ ሁሉን ነገረችው፤ እርሱም ሰምቶ በሰላም ሂጂ አላት። ከዚያ ምን ሆነ? መጽሐፉ እንደሚለው ሄደች፣ እህል በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አዘንተኛ አልመሰለም። ይህ የሆነው ሳሙኤል ከመፀነሱ በፊት ነው! ፊቷ የተመለሰው ልጁ ሳይመጣ ነው፤ የውስጧን ተናግራ የሚሰማት ስላገኘች ነው። ይህንን ቦታ ስንት ጊዜ አንብበን አልፈነዋል?

ሙስሊም ወንድሞቼና እህቶቼም ሱረቱል መርየምን ታውቃላችሁ። ነቢዩ ዘከሪያ አጥንታቸው ደክሞ፣ ራሳቸው ሸብቶ፣ ጌታቸውን በምስጢር የተጣሩት ሐፍረት ስላለባቸው አልነበረም፤ ለሚሰማቸው ነው የተናገሩት። የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት፣ የምእመናን እናት ዓኢሻም ልጅ አልወለዱም፤ ይህ ግን ከዕውቀታቸውና ከክብራቸው ምን ቀነሰ? በሱረቱ ሹራም አላህ ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን፣ ለሚሻው ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሚሻውንም መካን እንደሚያደርግ ተነግሯል። ስለዚህ ያልወለደ ሰው ከፈጣሪ ዕቅድ ውጭ የወደቀ ሰው አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ስለ ሐሰት ክሶቹ። ድባቴ የሚመገበው ጥፋተኝነትን ነው። ሰውየው ራሱን መክሰስ ከጀመረ መድኃኒት እንኳ ቶሎ አይደርስለትም። እስቲ ክሶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

"መርፌ ተወግታ ነው የመከነችው" ይባላል። ከጋብቻ በፊት ወይም ትምህርቷን እስክትጨርስ ብላ የሦስት ወሩን የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ የተጠቀመች እህት ዕድሜ ልኳን ራሷን ስትረግም ትኖራለች። እውነቱ ይህ ነው፤ መርፌው ካቆሙት በኋላ ጽንስ እስኪመለስ ወራት ሊያዘገይ ይችላል፣ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋም ይኖራል፤ አያመክንም ግን። በክንድ የሚቀበረውም፣ ኪኒኑም አያመክኑም። እባካችሁ ይህንን ለእህቶቻችሁ አድርሱ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የስንቷን እንቅልፍ ይመልሳል።

"ስለምትጨነቂ ነው የማታረግዢው፤ ተረጋጊና ይመጣል" የሚለውስ? በቅን ልቦና ይነገራል፤ ግን በሐዘኗ ላይ ጥፋት ይጨምርባታል። አሁን እያለቀሰች፣ ማልቀሷ ራሱ ወንጀል ይሆንባታል። እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ የ14 ጥናቶች ጥንቅር ከ3,500 በላይ ሴቶችን አይቶ፣ ከሕክምናው በፊት የነበረ ጭንቀት እንቁላልንና የወንድ ዘርን ከማህፀን ውጭ አገናኝቶ ጽንስ የማስገኘትን ሕክምና (አይቪኤፍ) ውጤት እንደማይወስን አሳይቷል። ስለዚህ እህቴ፣ እንባሽ ልጅሽን አላባረረብሽም። ድባቴሽን የምናክመው እንድታረግዢ አይደለም፤ አንቺ ሰው ስለሆንሽና ስለታመምሽ ነው።

ከሁሉ የከፋው ክስ ግን "ችግሩ የሴቷ ነው" የሚለው ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሴትን "በቅሎ" ብሎ መስደብ በአካባቢያችን አሁንም አልጠፋም። ነገር ግን ልጅ ካጡ ባለትዳሮች መካከል በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ በወንዱ በኩል ብቻ ወይም በሁለቱም በኩል ይገኛል። የወንድ ዘር ፈሳሽ ምርመራ ቀላል ነው፤ ከሴቷ ምርመራ ጋር ሲነጻጸር ወጪውም ሕመሙም ያነሰ ነው። ታዲያ ለምን መጨረሻ ላይ ይደረጋል? ሴቲቱ የቱቦ ራጅ ተነስታ፣ የሆርሞን ምርመራ አድርጋ፣ በየጠበሉና በየሼኹ ደጅ ተመላልሳ፣ ባልየው አንድም ቀን ላቦራቶሪ ሳይገባ ዓመታት የሚያልፉት ለምንድን ነው? ወንድሞቼ፣ አስቀድማችሁ ተመርመሩ። በጉርምስና ዘመን የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በዘር ፍሬ ከረጢት ውስጥ ያበጠ የደም ሥር፣ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ሲጋራና ብዙ መጠጥ፣ እነዚህ ሁሉ ሊያስከትሉት ይችላሉ፤ አብዛኞቹም ወንድነትን አይነኩም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ጉልበት ይሰጣል ተብሎ የሚወሰድ የቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) መርፌ የወንድ ዘር መመረትን ይቀንሳል፣ ሊያቆመውም ይችላል፤ ልጅ የሚፈልግ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውጋት የለበትም።

በሴቷም በኩል ቢሆን ምክንያቱ ቅጣት አይደለም። በእኛ አገር በብዛት የምናየው የማህፀን ቱቦ መዘጋት ነው፤ ይህም ከክላሚዲያ፣ ከጨብጥ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ ከሚመጣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ከማህፀን ቲቢ ይመጣል። ጀርም ነው። እርግማን አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ሕክምናው ነው። በዚህ ላይ ባጭሩ እናገራለሁ፤ ዝርዝሩን ሐኪማችሁ ይነግራችኋል። ለድባቴ ሲመጡ መጀመሪያ የታይሮይድ ሆርሞን እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ፤ የዚህ ሆርሞን ማነስ ድባቴንም የወር አበባ መዛባትንም በአንድ ጊዜ ሊያመጣ ይችላል፤ በተለይ እንቅርት ካለ ችላ አይባልም። ለድባቴ የሚሰጡት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ሥራቸውን ለመጀመር ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ከተሻላችሁም በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር ይቀጥላል፤ ሲቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ልጅ እየፈለጋችሁ መሆኑን ለሐኪሙ ሳትሸሽጉ ንገሩ፤ ምክንያቱም ለሌላ የአእምሮ ሕመም ወይም ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች አሉ፤ ለምሳሌ ቫልፕሮኤት ለጽንስ አደገኛ ነው፤ ሃሎፐሪዶልን የመሳሰሉትም የወር አበባን ሊያስቀሩ ይችላሉ። ሐኪሙ ካወቀ ይለውጠዋል።

"ጠበል ላይ ነኝ፣ መድኃኒት ላቁም ወይ?" ለሚለኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነው፤ አታቁሚ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ዱዓውም ይቀጥል፣ ኪኒኑም ይቀጥል። ፍሉኦክሰቲን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ በረመዳን በሱሑር ሰዓት፣ በጾም ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ መውሰድ ይቻላል። ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ነው አንዱን መርጠን ሌላውን የምንተወው?

መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም፤ መነጋገር ያስፈልጋል። በዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው፣ የሠፈር አያቶችን አሠልጥነው፣ የተጨነቀ ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲያወራ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከእነዚህ አያቶች ጋር የተነጋገሩት ሰዎች የድባቴ ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ እንደቀነሰ አሳይቷል። ወሎ አያት አጣ? ቡና አጣ? እኛ የጎደለን ወንበሩ አይደለም፤ ሳይፈርዱ፣ ሳያቋርጡ፣ ለሌላ ሳያወሩ መስማት ነው።

እናቶቼ፣ እዚህ ላይ በጥብቅ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። አንዲት ሴት ወይም አንድ ወንድ "ብሞት ይሻለኛል" ካለ፣ ለማስፈራራት ነው ብላችሁ አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁ፤ "ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?" በሉ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ ይልቁንም ሸክሟን ታወርዳለች። ብቻዋን አትተዉአት፤ የተባይ መድኃኒትና የተጠራቀመ ኪኒን ከቤት አውጡ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይዛችኋት ሂዱ።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ስለ ቤታችን ነው። እኔና ባለቤቴ ምክንያቱ በማናችን በኩል እንደሆነ ለማንም አልተናገርንም፤ ለእናቱም፣ ለእናቴም፣ ዛሬ ለእናንተም አልናገርም። አንድ ቀን ማታ ተቀምጠን አንድ ዓረፍተ ነገር ተስማማን፤ "ጉዳዩ የሁለታችን ነው፣ እየታከምን ነው፣ አዲስ ነገር ሲኖር እኛው እንነግራችኋለን።" ሌላም ነገር ተስማማን፤ ለእሱ ወገን እሱ ይናገራል፣ ለእኔ ወገን እኔ እናገራለሁ። አማቴ "ዘርህ ሊቀር ነው፣ ሌላ አግባ" ስትል እኔ መልስ አልሰጠሁም፤ እሱ ነው "እማዬ፣ ጉዳዩ የሁለታችን ነው" ያለው። ደግማ ተናገረች፣ ደግሞ መለሰላት። ቃሉን አልለወጠም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። አማቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ የልጅ ልጅ ልትስም የጓጓች እናት ናት፤ እሷም የራሷ ሐዘን አለባት። ነገር ግን ሐዘኗን በእኔ ላይ እንዳታወርደው የከለከላት ልጇ ነው። ባሎች ሆይ፣ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ሚስትህን ከእናትህ ፊት ብቻዋን አታቁማት።

ወንዶችም ያዝናሉ። ሐዘናቸው ግን ሌላ መልክ ይይዛል፤ አንዱ በርጫ ላይ ይውላል፣ አንዱ ከመጠጥ ቤት አይወጣም፣ አንዱ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል፣ አንዱ ሥራ ውስጥ ይደበቃል። ሚስትየው "ግድ የለውም" ትላለች። እሱ ደግሞ "ካለቀስኩ ማን ያጽናናታል?" ብሎ ነው። ሁለቱም በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው ለየብቻ ያዝናሉ። ከሐረጎ ማዶ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሰውየው እንዲህ አለኝ፤ "ሲስተር፣ እሷ ስታለቅስ እኔ ወጥቼ የምሄደው እንዳታየኝ ነው።" ሚስቱ ይህንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ እኔ መናገር አላስፈለገኝም።

አባቶች ይቅር በሉኝና ስለ መኝታም ልናገር። ልጅ ፍለጋው ሲረዝም የባልና ሚስት ፍቅር በቀን መቁጠሪያ የሚታዘዝ ሥራ ይሆናል፤ ይህም ለድባቴው በር ይከፍታል። ጽንስ የሚገኝባቸው ቀናት እንቁላሏ ከመውጣቱ በፊት ያሉት አምስት ቀናትና የወጣበት ዕለት ናቸው። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ የሚገናኙ ባልና ሚስት ቀን ሳይቆጥሩ ይህን ጊዜ ያገኙታል። ስለዚህ ቀን መቁጠሪያውን ከመኝታ ቤት አውጡት።

ገንዘቡንም ተነጋገሩበት። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የመካንነት ሕክምና ማእከል ለብዙዎች ተስፋ ሆኗል፤ የግል ማእከላትም አሉ። ነገር ግን ከደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ መጓጓዣው፣ ማደሪያው፣ መድኃኒቱ፣ ከሥራ መቅረቱ ሁሉ ይደመራል። በሬ ሸጦ፣ ቤት አስይዞ፣ አንዱ ዙር ሲከሽፍ ሌላ ተበድሮ የሚሄድ አለ። ከመጀመራችሁ በፊት፣ ልባችሁ ገና የረጋ ሳለ፣ እስከ የት እንደምትሄዱ ወስኑ፤ ምን ያህል ገንዘብ፣ ስንት ሙከራ። ከሽንፈት ማግስት የሚወሰን ውሳኔ የእናንተ ውሳኔ አይሆንም፤ የሐዘኑ ውሳኔ ነው።

ጎረቤቶችና ዘመዶች፣ ከእናንተ የምንፈልገው ጥቂት ነው። "ዘንድሮስ?" አትበሉን። ከእቅፋችሁ ያለውን ሕፃን ስናይ አትደብቁት፤ ዓይናችን አይበላውም። ለክርስትናው፣ ለአቂቃው ጥሩን፤ መምጣትና መቅረቱን እኛ እንወስን፤ ብንቀር አትቀየሙን። መድኃኒት ያለው ሰው እናውቃለን ብላችሁ አትላኩን፤ ላኩኝ ያለ ይጠይቃችኋል። ስናለቅስ ካያችሁን እኛ ወሎዬዎች የምናውቃት አንዲት ቃል ትበቃለች፤ "አብሽሪ" በሉንና አጠገባችን ተቀመጡ።

"ለምን ልጅ ወስዳችሁ አታሳድጉም?" የሚለውንም በጥንቃቄ ተናገሩት። ልጅ ማሳደግ ታላቅ ነገር ነው፤ በወሎ የጡት ልጅ ልማድ ከድሮም የነበረ ነው፤ በሕግም በጉዲፈቻ መውሰድ ይቻላል፤ በእስልምናም ወላጅ አልባን ልጅ በራሱ አባት ስም ጠርቶ ማሳደግ ትልቅ ምንዳ አለው። የባለቤቴ እህት ልጅ ለትምህርት ብላ መጥታ ዛሬ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ቤታችን በእሷ ድምፅ ተሞልቷል። ነገር ግን እሷ የመጣችው እኔ ከታከምኩ በኋላ ነው። ታምሜ ሳለሁ መጥታ ቢሆን ኖሮ ሕመሜን ትሸከም ነበር፤ አንዲት ሕፃን ያንን እንድትሸከም ማን ይፈርድባታል?

ሰዓቴ ስላለቀ ወደ ጥያቄው እንለፍ። በየወንበራችሁ ላይ ወረቀት ተቀምጧል፤ ስም አይጻፍበትም። ባልና ሚስት የሆናችሁ እባካችሁ ለየብቻ ጻፉ፤ በአንድ ወረቀት የተጻፈ እንደሆነ አንዳችሁ የአንዳችሁን ጥያቄ ትሸፍናላችሁ። በተለይ ወንዶች ጻፉ፤ እስካሁን በተካፈልኩባቸው መድረኮች ከወንድ የሚመጣው ወረቀት ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በሰው ፊት ሊመለስ የማይገባውን ጥያቄ በማዕዘኑ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ስብሰባው ሲያበቃ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ከኋላ ባለው ክፍል ውስጥ እንቆያለን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።